ስንት ጊጋ ትጠቀማላችሁ? አሜሪካ ውስጥ ርካሽ የስልክ ፕላን ስለማግኘት

ባለፈው ፋሲካ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲቀራረብ አክስቴ ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አውጥታ ጭኔ ላይ ጣል አደረገችው። የስልክ ቢሏ ነው። «እስኪ አንተ እየው። እኔ የማወራው ከእናንተና ከእህቴ ጋር ነው። ይሄ ሁሉ ብር የምንድን ነው?» አለችኝ።

ድምሩ 118 ዶላር ከሳንቲም ይላል። አንድ ሰው፣ አንድ መስመር፣ አንድ ወር።

ስልኳን ተቀብዬ ምን ያህል ዳታ እንደምትጠቀም አየሁ። ከዋይፋይ ውጪ በወር ሁለት ጊጋ እንኳ አትሞላም። ቤቷ ዋይፋይ አለ፣ ሥራ ቦታዋም አለ። መንገድ ላይ መዝሙር ትሰማለች፣ በቃ። የምትከፍለው ግን ለትልቁ ፕላን ነው። ያልተገደበ ዳታ አለው፣ ሆትስፖት አለው፣ አንድ ቀን እንኳ ከፍታ የማታውቀው የፊልም አገልግሎትም ተጨምሮበታል። እንዴት ገባችበት? ስልክ ልትቀይር ሱቅ ሄደች፤ ፈገግ ፈገግ የሚል ልጅ አስተናገዳት፤ ፈርማ ወጣች።

እንደ አክስቴ ያለ ሰው በየቤቱ አለ። እኔም ለአራት ዓመት ያህል ሳላየው የከፈልኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ማንንም ለመውቀስ አልጽፍም። ግን ነገሩ የሚመስለውን ያህል ውስብስብ አይደለም። ካምፓኒዎቹ ናቸው ያወሳሰቡት። ጥያቄው አንድ ነው፤ እናንተ በወር ስንት ጊጋ ትጠቀማላችሁ? ይህን ሳያውቁ ርካሽ ፕላን መፈለግ የእግርን ልክ ሳያውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው።

ቁጥራችሁን እንዴት ታገኛላችሁ?

ቀላሉ መንገድ የስልክ ካምፓኒያችሁ የራሱ አፕ ነው። እዚያ ገብታችሁ ያለፉትን ሦስት ወራት አጠቃቀም እዩ። በእያንዳንዱ መስመር ለየብቻ ያሳያል። ከሦስቱ ትልቁን ያዙ፤ ትንሽ ጨምሩበት። ያ ነው ልካችሁ።

ከስልኩ ላይ ማየትም ይቻላል። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ የዳታ አጠቃቀም በወር በወር ተቀምጧል። አይፎን ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ሴሉላር» የሚለው ውስጥ የምታዩት ቁጥር በየወሩ ራሱን ወደ ዜሮ አይመልስም። ስልኩን ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ ሲደማመር የቆየ ሊሆን ይችላል። አንድ ጓደኛዬ «እኔ በወር 200 ጊጋ ነው የምጨርሰው» ብሎ ሲፎክርብን ነበር፤ የሦስት ዓመት ድምር ሆኖ ተገኘ። ወደ ታች ወርዳችሁ ቁጥሩን ዜሮ አድርጉት፣ ከዚያ አንድ ወር ጠብቁ።

ዳታ የሚበላው ምንድን ነው? ቪዲዮ ነው። ሌላው ፍርፋሪ ነው ማለት ይቻላል። ተራ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት ወደ አንድ ጊጋ ይጠጋል፤ ጥራቱ ከፍ ካለ እስከ ሦስት ጊጋ ሊደርስ ይችላል። ቲክቶክም ቪዲዮ ነው፤ አጭር ስለሆነ ብቻ ትንሽ አይምሰላችሁ። ሙዚቃ በሰዓት ከ50 እስከ 150 ሜጋ ይወስዳል። በዋትስአፕ በድምፅ ብቻ ማውራት በደቂቃ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። መንገድ የሚያሳየን ካርታ ደግሞ በጣም ቆጣቢ ነው፤ በሰዓት ጥቂት ሜጋ ብቻ።

ይህን ሳወራ የሚገረሙት ሾፌሮች ናቸው። «ቀኑን ሙሉ ጂፒኤስ ከፍቼ ስለምውል አንሊሚትድ ያስፈልገኛል» ይላሉ። ካርታው አይደለም የሚጨርሰው። ተሳፋሪ እየጠበቁ ኤርፖርት ሰልፍ ላይ የሚታየው ዩቲዩብ ነው።

«ብዙ ጊጋ ሳልይዝ ቢያልቅብኝስ?» የሚል ፍርሃትም አለ። ከዓመታት በፊት ልክ ነበር፤ ዳታ ካለቀ በኋላ በየጊጋው የሚያስከፍሉበት ዘመን ነበር፣ ቢሉም ያስደነግጥ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ቅድመ ክፍያ ፕላኖች ዳታችሁ ሲያልቅ ፍጥነቱን ይቀንሱታል እንጂ አያስከፍሉም። ቪዲዮ አይከፍትም፣ መልእክት ግን እየተንቀራፈፈም ቢሆን ያልፋል። ከፈለጋችሁ ጥቂት ዶላር ከፍላችሁ ተጨማሪ ጊጋ ትገዛላችሁ። ያም በዓመት አንዴ ሁለቴ ቢያጋጥም፣ በየወሩ ለማትጠቀሙበት ከመክፈል ይሻላል።

ባለ ታወሩ ሌላ፣ ሻጩ ሌላ

አሜሪካ ውስጥ አገር አቀፍ ኔትወርክ ያላቸው ሦስት ትልልቅ ካምፓኒዎች ናቸው፤ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል። አራተኛው ስፕሪንት በ2020 ከቲ-ሞባይል ጋር ተዋህዷል። ሌላ ስም ያለው ርካሽ ካምፓኒ ስትሰሙ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ታወር ተክሎ አይደለም። ከእነዚህ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ ኔትወርክ በጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ የሚሸጥ ነው። መርካቶ ገብቶ በኬሻ እንደሚያወጣና ሰፈር ውስጥ በኪሎ እንደሚሸጥ ባለ ሱቅ አስቡት። ልዩነቱ እዚህ ቸርቻሪው ከጅምላ ሻጩ ረክሶ መሸጡ ነው። ምክንያቱም አብዛኛው ቸርቻሪ በየከተማው የሚያብረቀርቅ ሱቅ የለውም፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ብዙ አያወጣም፣ በስልክ የሚያስተናግዳችሁ ሰውም ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ብዙዎቹ ርካሾች የትልልቆቹ የራሳቸው ልጆች መሆናቸው ነው። ቪዝብል የቬራይዘን ነው። ትራክፎንና ስትሬት ቶክም ከ2021 ወዲህ የቬራይዘን ሆነዋል። ክሪኬት የኤቲ ኤንድ ቲ ነው። ሜትሮ የቲ-ሞባይል ነው፤ ሚንት ሞባይልንም ቲ-ሞባይል በ2024 ጠቅልሎ ገዝቶታል። እንግዲህ አንዱ ካምፓኒ ያንኑ ታወር በአንድ በር በ80 ዶላር፣ በሌላ በር በ25 ዶላር ይሸጣል። የትኛው በር እንደምትገቡ የናንተ ፈንታ ነው።

ዋጋ በየጊዜው ይቀያየራል፤ ስለዚህ የምጽፈውን ቁጥር እንደ መነሻ ብቻ ያዙት። በትልልቆቹ ዘንድ ለአንድ ሰው ያልተገደበ ፕላን ከ60 ዶላር አካባቢ ይጀምርና 90 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ታክሱ ከዚያ በላይ ነው። ቪዝብል መሠረታዊውን ያልተገደበ ፕላን ታክሱን ጨምሮ በወር 25 ዶላር ሲሸጥ ቆይቷል። ሚንት ደግሞ የዓመቱን በአንዴ ለሚከፍል ሰው በወር 15 ዶላር የሚወጣ ትንሽ ፕላን አለው፤ 180 ዶላሩን ግን ከፊት ትከፍላላችሁ። ቴሎ ከዚያም አንሶ፣ ደቂቃውንና ጊጋውን ራሳችሁ እየመጠናችሁ እንድትገዙ ያደርጋል። አክስቴን የመሰለ ሰው እዚህኛው መንደር ውስጥ ነው መኖር ያለበት።

ርካሹ ላይ ምን ይጎድላል? ሐቁን ልናገር፤ የሚጎድል ነገር አለ። ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ተራ አለው። ትልቁን ፕላን የያዘ ሰው ቅድሚያ ያገኛል፤ ርካሹን የያዘ ከኋላ ይሰለፋል። ሰው በሌለበት ሰዓት ልዩነቱን አታዩትም። ስታዲየም ውስጥ፣ በዓል ላይ፣ ወይም በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርትና ባህል ፌስቲቫል ላይ ሁሉም ሰው ላይቭ ሲገባ ግን ታዩታላችሁ። ፎቶው ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይሄድም። እኔ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚገጥመኝ ለዚህ ነገር በወር 60 ዶላር ጭማሪ አልከፍልም። ኡበር የሚነዳ ሰው ግን ጥሪ ካመለጠው ገቢው ነው የሚቀንሰው፤ ለእሱ ቅድሚያ ያለው ፕላን ሊያዋጣው ይችላል። ደግነቱ ቸርቻሪዎቹም ቅድሚያ ያላቸውን ፕላኖች በጥቂት ዶላር ጭማሪ መሸጥ ጀምረዋል።

ሌላው የኔትወርክ ጉዳይ ነው። «የትኛው ኔትወርክ ጥሩ ነው?» ተብዬ ስጠየቅ መልስ የለኝም። የናንተ ቤት የት ነው? የናንተ ሥራ የት ነው? ቤዝመንት የሚኖር ሰውና አሥረኛ ፎቅ የሚኖር ሰው አንድ ኔትወርክ ይዘው ሁለት ዓለም ውስጥ ናቸው። ለቤዝመንት ሰው ግን አንድ መላ አለ፤ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚለውን ሴቲንግ ክፈቱት። ስልኩ በቤቱ ኢንተርኔት ላይ ይደውላል፣ የታወሩ ነገር አያሳስብም።

ከመዛወራችሁ በፊት መሞከርም ትችላላችሁ። አዳዲስ ስልኮች ኢ-ሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም) ይቀበላሉ፤ አሜሪካ የሚሸጠው አይፎንማ ከ14 ጀምሮ የሲም ካርድ ማስገቢያ እንኳ የለውም። አንዳንድ ካምፓኒዎች በኢ-ሲም የነጻ ሙከራ ይሰጣሉ። አሮጌው መስመራችሁ ሳይነካ አዲሱን ጎን ለጎን ጭናችሁ፣ አንድ ሳምንት ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እየዞራችሁ ታዩታላችሁ። ስልኩ ግን ያልተቆለፈ፣ ማለትም ለአንድ ካምፓኒ ብቻ ያልታሰረ፣ መሆን አለበት።

«ነጻ» ስልክ

ቢሉን ውድ የሚያደርገው ትልቁ ነገር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ማስታወቂያው «አዲስ ስልክ በነጻ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው እውነት ደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ስልኩ 830 ዶላር ነው እንበል። ካምፓኒው 830 ዶላሩን ለ36 ወር አካፍሎ በየወሩ 23 ዶላር ገደማ ይጠይቃችኋል፤ ያንኑ 23 ዶላር ደግሞ በየወሩ በክሬዲት መልክ ይመልስላችኋል። ዜሮ ለዜሮ። ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ ዘንድ ይህ አብዛኛውን ጊዜ 36 ወር ነው፤ ቲ-ሞባይል ዘንድ 24 ወር የተለመደ ነው። በመሃል ከወጣችሁ ክሬዲቱ ይቆማል፤ የቀረውን የስልክ ዕዳ ግን ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው ነገር፣ ይህን ስጦታ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ከውዶቹ ፕላኖች አንዱን መያዝ ግድ ነው።

አሁን እናስላው። ስልኩን «በነጻ» ወስዳችሁ በወር 85 ዶላር ፕላን ላይ 36 ወር ብትቆዩ 3,060 ዶላር ትከፍላላችሁ። ያንኑ ስልክ በ830 ዶላር በጥሬው ገዝታችሁ 25 ዶላር ፕላን ብትይዙ ደግሞ 830 ሲደመር 900፣ ድምሩ 1,730 ዶላር ነው። ልዩነቱ 1,330 ዶላር። ታክሱን ገና አልቆጠርንም። በዚህ ስሌት ነጻው ስልክ በጣም ውድ ስልክ ነው። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የወሩን ሳይሆን የሦስት ዓመቱን ድምር አስሉ የምለው። የወሩ ቁጥር ያታልላል።

830 ዶላር በአንዴ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። ግን ዓመት ሁለት ዓመት የቆየ፣ ታድሶ የተሸጠ ስልክ በግማሽ ዋጋና ከዚያ በታች ይገኛል፤ ሥራውንም ይሠራል። የሁለት ዓመት ስልክ የያዘ ሰው ያፍራል እንዴ? ሲገዙ አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ፤ ያልተቆለፈ፣ ዕዳ የሌለበት መሆኑን። *#06# ብትደውሉ አይ ኤም ኢ አይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩን አዲሱ ካምፓኒ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ይሠራ አይሠራ እንደሆን ታያላችሁ።

አሁን በክሬዲት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አትደንግጡ፣ ሮጣችሁም አትውጡ። አፑ ላይ ስንት ወር እንደቀራችሁ እዩ። ሁለት ሦስት ወር ከሆነ ጨርሱት። ሃያ ወር ከሆነ ግን አስሉት፤ የቀረውን ዕዳ ከፍሎ መውጣትም ሊያዋጣ ይችላል። በፕላኑ ላይ ያለውን ልዩነት በቀረው ወር አባዙትና ከዕዳው ጋር አወዳድሩ። ዕዳው ካነሰ ውጡ። 36 ወሩ የሚያልቅበትን ቀን ካላንደራችሁ ላይ ጻፉ። ያን ቀን ማንም ደውሎ «አሁን ነጻ ወጥታችኋል» አይላችሁም። ፕላኑም በራሱ አይረክስም።

የቢሉ ጅራት

የአክስቴን 118 ዶላር ዘርዝረን ስናየው ፕላኑ 85 ዶላር ነበር። ከዚያ 17 ዶላር ኢንሹራንስ፣ ቀሪው ታክስና ልዩ ልዩ ፊ (ተጨማሪ ክፍያ)።

ኢንሹራንሱን «አላዘዝኩም» አለች። አዛ ሊሆን ይችላል፤ ስትፈርም ከወረቀቱ መሃል ነበር። 17 ዶላር በ36 ወር 612 ዶላር ነው። ስልኩ ቢሰበር ደግሞ በዚያ ላይ የራሷን ድርሻ መክፈል አለባት። ስልክ ለሚጥል ልጅ ይጠቅም ይሆናል፤ ስልኳን በመሃረብ ጠቅልላ ለምትይዝ ሴት ግን ምን ያደርጋል?

ፊዎቹ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም የመንግሥት ታክስ አይደለም። «አድሚኒስትሬቲቭ» ወይም «ሪከቨሪ» የሚል ስም ያለው ካምፓኒው ራሱ የሚጨምረው ክፍያ ነው። ታክስ ይመስላል፤ አይደለም። ከዚህ ሌላ አዲስ መስመር ሲከፈት 35 ዶላርና ከዚያም በላይ ማስከፈቻ አለ። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ዋጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አውቶፔይ (በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) ላላቸው ነው፤ ያለዚያ በየመስመሩ 5 ወይም 10 ዶላር ይጨምራል። አክስቴ በየወሩ ሱቅ ሄዳ በጥሬ ገንዘብ ነበር የምትከፍለው። ቅናሹ ቀርቶባት ነበር ማለት ነው።

የቤተሰብ ፕላን

እዚህ ላይ ትልልቆቹን ላመስግን። አራት አምስት ሆናችሁ ከገባችሁ የአንድ ሰው ድርሻ በእጅጉ ይወርዳል። ለአንድ ሰው 65 ዶላር የሚባል ፕላን አራት ሲሆኑ በነፍስ ወከፍ ወደ 30 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ሦስት ልጆች ካሏችሁና ሁሉም አዲስ ስልክ የሚሉ ከሆነ ትልቁ ካምፓኒ እውነትም ሊያዋጣችሁ ይችላል። ከላይ ያሰላነው ስሌት ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ለቤተሰብ እንደገና ሥሩት።

ቤተሰብ የሌለውስ? የእኛ ሰው ለዚህ መላ አያጣም። ጓደኛሞች፣ የድሮ ክፍል ተጋሪዎች፣ የአጎት ልጆች ተሰብስበው በአንድ ሰው ስም አንድ ፕላን ይይዛሉ። እቁብ በሉት። ግን እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ለስልክ ፕላኑ ግን ተጠያቂው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ክሬዲቱም (የዕዳ አከፋፈል ታሪኩ) የሚነካው የእሱ ነው። አንዱ አዲስ ስልክ በወሩ ክፍያ ወስዶ ወደ ሌላ ስቴት ከሄደና መክፈል ካቆመ ዕዳው በባለ ስሙ ላይ ይቀራል። ይህን አይቻለሁ፤ ሁለት የድሮ ጓደኛሞች እስካሁን አይነጋገሩም። መስመር ተጋሩ፣ ግን በስማችሁ ለሌላ ሰው ስልክ አታውጡ። እኔ ከዚህ ወዲያ አልሄድም።

በቅርቡ በዲቪ ወይም በሌላ መንገድ ለመጡ ሰዎችም ይህን ልበል። ትልልቆቹ የድኅረ ክፍያ ፕላን ሲሰጡ ክሬዲት ያያሉ። አዲስ ሰው ክሬዲት የለውም፤ ስለዚህ «ተቀማጭ አምጣ» ሊባል ይችላል። ቅድመ ክፍያ ፕላን ክሬዲት አይጠይቅም። አዲስ ለመጣ ሰው መጀመሪያውኑ የሚሻለው ይኸው ነው።

የቤት ኢንተርኔታችሁ ከኮምካስት ወይም ከስፔክትረም ከሆነ ደግሞ እነሱም የስልክ መስመር ይሸጣሉ። ኔትወርኩ የቬራይዘን ነው። ዋጋው ለአንድና ለሁለት ሰው ጥሩ ነው። ግን ከቤቱ ኢንተርኔት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ኢንተርኔቱን ልቀይር ስትሉ ስልኩም አብሮ ሊነካ ይችላል።

ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው

ላይፍላይን የሚባል የፌዴራል ድጋፍ አለ። ከ1985 ጀምሮ ያለ ነው። ለስልክ ወይም ለኢንተርኔት በወር እስከ 9.25 ዶላር ይደጉማል፤ አንዳንድ ካምፓኒዎች በዚህ ገንዘብ ብቻ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ ትንሽ ፕላን ይሰጣሉ። ስናፕ (የምግብ ድጋፍ)፣ ሜዲኬይድ (የሕክምና ድጋፍ) ወይም ኤስ ኤስ አይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ድጋፍ) የሚያገኝ ሰው ብቁ ነው። ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 135 በመቶ ያልበለጠም እንዲሁ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ብቻ ነው። በየዓመቱ መታደስ አለበት። ነጻ ፕላን ከሆነ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ መጠቀም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ማስጠንቀቂያ ይመጣና ይዘጋል። ብዙ እናቶቻችንና አባቶቻችን ብቁ ሆነው ሳለ አይጠቀሙበትም። በሌላ በኩል ኤ ሲ ፒ ይባል የነበረው የ30 ዶላር የኢንተርኔት ድጎማ በ2024 ጁን ላይ ቆሟል፤ አሁን በዚያ ስም የሚደውልላችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት።

አዲስ አበባ መደወል፣ አዲስ አበባ መሄድ

«ኢንተርናሽናል ኮል ነጻ» የሚል ፕላን ስታዩ የአገሮቹን ዝርዝር ክፈቱና 251ን ፈልጉ። ሜክሲኮና ካናዳ አብዛኛውን ጊዜ አሉ። ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የለችም፤ ወይም ለየት ባለ ውድ ዋጋ ነው። ስለዚህ ለዚህ ብላችሁ ትልቅ ፕላን አትግዙ። ዋትስአፕና ቴሌግራም በዋይፋይ ምንም አያስከፍሉም። ኢንተርኔት ለማይጠቀሙ አያቶቻችን ደግሞ እንደ ሬብቴል ያሉ አፖች በደቂቃ ሒሳብ በቀጥታ ወደ ስልካቸው ያስደውላሉ። የድሮው የመደወያ ካርድ፣ ያ ከሐበሻ ሱቅ ገዝተን በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን የምናወጣው፣ የልጅ ልጁ ይሄ ነው።

አገር ቤት ስትሄዱም እንዲሁ። እዚያ ሲም መግዛት ርካሹ መንገድ ነው፤ በ09 የሚጀምረው ኢትዮ ቴሌኮም፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ በ07 የሚጀምረው ሳፋሪኮም አለ። የአሜሪካውን መስመር ግን አትዝጉት። የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ዳታ ሮሚንጉን (ከአገር ውጭ በአሜሪካው መስመር ኢንተርኔት መጠቀሙን) አጥፉ፣ ዋይፋይ ኮሊንጉን ክፈቱ። ርካሽ ፕላኖች እዚህ ላይ ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ ከአገር ውጭ ጭራሽ አይሠሩም። ከመሄዳችሁ በፊት ካምፓኒውን ጠይቁ። ለወራት ለሚቆይ ሰው ቁጥሩን በጥቂት ዶላር ፕላን ላይ ማሳደርም ይቻላል።

ሲዛወሩ

ቁጥራችሁ የናንተ ነው። ይዛችሁት የመሄድ መብት አላችሁ፤ አሮጌው ካምፓኒ አልሰጥም ማለት አይችልም። ሦስት ነገር ያስፈልጋችኋል፤ የአካውንት ቁጥር፣ የማዛወሪያ ፒን እና ቢሉ የሚመጣበት ዚፕ ኮድ። ፒኑ ከአፑ ይገኛል። አብዛኛው ዝውውር በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

አንድ ስህተት ግን አለ፤ ብዙ ሰው የሚሠራው። አስቀድሞ ደውሎ አሮጌውን መስመር ማዘጋት። ከዘጋችሁት ቁጥሩ ይጠፋል። አትዝጉ፤ ቁጥሩ ሲዛወር አሮጌው በራሱ ይዘጋል። ፒኑንም ደውሎ ለሚጠይቃችሁ ሰው አትንገሩ። በዚያ ፒን ቁጥራችሁን ሰርቀው የባንክ ኮዳችሁን የሚቀበሉ ሌቦች አሉ።

ዋጋ ስታወዳድሩ ደግሞ «ብሮድባንድ ፋክትስ» የሚለውን ሰንጠረዥ ፈልጉ። ምግብ ላይ እንደሚለጠፈው ዓይነት ነው። ከ2024 ጀምሮ ኤፍ ሲ ሲ (የፌዴራሉ የመገናኛ ተቆጣጣሪ) እያንዳንዱ ካምፓኒ ለእያንዳንዱ ፕላን እንዲያወጣው አስገድዷል። የወሩ ዋጋ፣ የቅናሹ ማለቂያ፣ ፊዎቹ፣ የዳታው መጠን፣ ሁሉም በአንድ ቦታ አለ። ከሻጩ ፈገግታ እሱን እመኑ።

አክስቴስ? ስልኳ ተከፍሎ ያለቀ ሆኖ ተገኘ፤ ከነበረችበት ካምፓኒ ጋር የሚያስራት ነገር አልነበረም። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ቁጥሯን አዛወርንላት። የዓመቱን በአንዴ ከፈለች፣ ከሁለት ወር የድሮ ቢሏ ያነሰ ነው። ወሩ ሲያልቅ በጠዋት ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደንገጥ ብሏል።

«ቢሉ አልመጣም» አለች። «ቆረጡኝ እንዴ?»

«እቴቴ፣ አሁን በምንድን ነው የምትደውይልኝ?»

ትንሽ ዝም አለች። «በእሱው ነው» አለችኝ።